የጋሽ ሬዲዮ ሦስት እሑዶች

"ፀጥ ያለ ሰፈር ነው" ብሎ ነበር ደላላው ቤቱን ያሻሻጠው። ንጹህ አየር፣ ሰፊ መንገድ፣ ከከተማው ግርግር የራቀ። አልዋሸም ሰውዬው። ግን እንዲያው ለነገሩ፣ ፀጥታ ምኑ ይመሰገናል? ጋሽ ሬዲዮ ልጃቸው ቤት ከገቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ ይኼ ነገር አልገባቸውም። የሞተ ሰውም ፀጥ ያለ ነው ይላሉ።

ሬዲዮ ስማቸው አይደለም መቼም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንበር ባላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፀጉር ሲያስተካክሉ ደንበኞቻቸው ያወጡላቸው ስም ነው። ሰዉ ገና በሩን ሲገፋ "እህ ሬዲዮ፣ ዛሬስ ምን ይላል?" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይለቁታል። ማን አገባ፣ ማን ፈታ፣ የማን ልጅ ምን ሆነ፣ ያላዩትን እንዳዩ አድርገው ያወሩታል። ታዲያ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ሬዲዮ አንድ የሚገርም ጠባይ አላቸው፤ ፊት ለፊት፣ ዐይን ለዐይን እየተያዩ ቁም ነገር ማውራት አይሆንላቸውም። ምላሳቸው ይተሳሰራል፤ ወይ ይቀልዳሉ ወይ ስለ አየሩ ያነሣሉ። መቀሱ እጃቸው ከገባና የሰውዬው ማጅራት ከፊታቸው ከሆነ ግን የሆዳቸውን ሁሉ ያወጡታል። ሚስታቸውን እንኳ "አግቢኝ" ያሏት ከኋላዋ ቆመው የፀጉሯን ጫፍ እየከረከሙላት ነው። እሷም ዘወር ሳትል "መጀመሪያ እኩል አድርገህ ጨርስልኝ" አለቻቸው። ካረፈች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

ልጃቸው "ብቻህን አትኖርም አባዬ፣ ከኔ ጋር ነው የምትሆነው" ብሎ ሱቁን አዘግቶ አመጣቸው። ከፍቅሩ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። የመጡበት ሰፈር ግን ጉድ ነው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ በሮቹ አንድ ዓይነት፣ ደጃፍ ላይ የተተከሉት ዛፎች እንኳ ቁመታቸው አንድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ ሬዲዮ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ የሰው በር ከቁልፋቸው ጋር ሲያታግሉ ቆዩ፤ ደግነቱ፣ ደግነት ከተባለ፣ የሚያያቸው ሰው አልነበረም። ሰፈሩ የተሠራው ለመኝታ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሁሉም ወጥቶ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ከተማ ይገባል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ይመለሳል፣ ይተኛል። ቀን የሚቀሩት ውሾች፣ መጋረጃ ጀርባ የሚውሉ አዛውንቶችና አንድ ዘበኛ ናቸው። ዘበኛውን ሊያጫውቱት ሞክረው ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሱቃቸው ሲነግሩት ቆይተው፣ ለካ ዘበኛው ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ነቀለና "ምን አሉኝ አባት?" አላቸው። ወሽመጣቸው ቁርጥ አለ።

አንድ ሰሞን ደግሞ በሩ ላይ "ፀጉር ይስተካከላል" የሚል ካርቶን ሰቀሉ። በሦስተኛው ቀን ከነዋሪዎች ኮሚቴ ደብዳቤ በበሩ ሥር ገባ፤ ካርቶኑ የሰፈሩን ፀጥታና ገጽታ ስለሚያውክ ይነሣ የሚል። ካርቶን እንዴት አድርጎ ፀጥታ እንደሚያውክ እግዜር ይወቀው። አነሡት።

የቀራቸው እሑድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጃቸውን በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረው ያስቀምጡትና ፀጉሩን ያስተካክሉታል። እሱ ከተማ ውስጥ ትልቅ መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ሌላ ቀን ከቤት ሲወጣ እሳቸው ተኝተዋል፣ ሲገባ እሱ ቆሞ ያንቀላፋል። ያቺ የፀጉር ሰዓት ናት አባትና ልጅ የምታደርጋቸው።

ድምፃቸው መሻከር ሲጀምር "ጉንፋን ነው" እያሉ ከረሙ። አልለቅ ሲላቸው ራሳቸው አውቶቡስ ይዘው ሄደው ታዩ፤ ተመላልሰው ተመረመሩ። አንድ ሰኞ ሐኪሙ፣ የልጃቸው እኩያ የሚሆን ረጋ ያለ ሰው፣ ወንበሩን ጠጋ አደረገና ነገራቸው። "አባቴ፣ እብጠቱ ድምፅ የሚያወጣው ቦታ ላይ ነው ያለው። ካላወጣነው ይገድልዎታል። ስናወጣው ደግሞ ድምፅዎ አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይናገሩም።" ቀኑን የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ አደረገላቸው። "ለቤተሰብዎ የሚሉት ነገር ካለ እስከዚያው ይበሉት" አለ፣ ወረቀቱን እየሰጣቸው።

አለ እንጂ የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት የያዙት ነገር አለ። እናትየው ሆስፒታል በተኛች በአራተኛው ቀን፣ ልጁ የማለፊያ ፈተና ላይ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ጠዋት ዐይኗን ገለጠችና "ልጄን አምጣልኝ" አለቻቸው። "ነገ ፈተናውን ይጨርሳል፣ ነገ አመጣልሻለሁ" አሉ። ከሰዓት በኋላ ደገመችው። "ነገ" አሉ። ነገን አላየችም። ከቀብር ሲመለሱ ልጁ "እኔን አልጠራችኝም?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ "አልነቃችም የኔ ልጅ፤ ማንንም አልጠራችም" ብለው ዐይናቸውን ሰበሩ። ፈተናውን አለፈ። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፤ ሆድም አልፈጀው።

አሁን ድምፃቸው ሊሄድ ነው፣ ይኼ ነገር ውስጣቸው ተቆልፎ ሊቀር ነው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ከኋላው ቆመው፣ በገዛ ድምፃቸው "ጠርታህ ነበር፤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ" ማለት። በወረቀት ሞክረውታል። "ይድረስ ለልጄ" ብለው ይጀምሩና ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የፖሊስ ጣቢያ ቃል ይመስላቸዋል፤ ቀደዱት። ደግሞስ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ከስኳር ዕቃው ሥር ይቀመጣል? ልጁ ሲሰማው ራሱ በእጃቸው ውስጥ መሆን አለበት። ያቀፉት ያህል ነው ለሳቸው።

ስለ ሕክምናው ለልጁ የነገሩት ግማሹን ነው። "ጉሮሮዬ ላይ ያለችውን እብጠት ያወጡልኛል፣ ቀላል ነገር ናት" አሉት። ድምፃቸው እንደሚሄድ አልነገሩትም። በአውቶቡስ መዘግየት እያረፈደ ከመሥሪያ ቤቱ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ ይኼን ከሰማ ሥራውን ጥሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ይቀመጣል ብለው ፈሩ። ሁሉንም በአንድ ላይ እሑድ እነግረዋለሁ አሉ።

የመጀመሪያዋ እሑድ መጣች። ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሩለት፣ ፀጉር መላጫዋን ቶንዶስ አንሥተው ከቀኝ ጎን ጀመሩ። ለመንደርደሪያ ያህል ስለ ኮሚቴው ትንሽ ቀለዱ፤ ልጁም ሳቀ። የቀኙን ጎን ጨርሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ስማኝማ ልጄ፣ እናትህ..." ሲሉ ስልኩ ጮኸ። መጋዘኑ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ዕቃው ሁሉ ውኃ ላይ ነው። ልጁ ጨርቁን ከአንገቱ ፈትቶ ብድግ አለ።

"ግራውስ?" አሉ ጋሽ ሬዲዮ፣ ቶንዶሷን እንደያዙ።

"ሳምንት ትጨርስልኛለህ አባዬ። ምን ልትለኝ ነበር?"

ፊት ለፊት ቆሞ እያያቸው ነው። "ምንም" አሉ። "ሰው ምን ይልሃል ልልህ ነው።"

ሰው ያለውንማ አለ። ሳምንቱን ሙሉ በቆብ ዋለ ልጁ። ሚስቱ፣ ፋርማሲ ውስጥ ተራ እየገባች የምትሠራ ቁም ነገረኛ ልጅ፣ ባየችው ቁጥር ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጥ ቤት ትገባለች። ጋሽ ሬዲዮም አብረው ሳቁ፤ ውስጣቸው ግን ቀን እየቆጠረ ነበር። ድምፃቸው በየቀኑ እየቀጠነ፣ ሐሙስ ላይ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። ቀን ቀን ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆመው፣ ወንበሩን ከፊታቸው አድርገው የሚሉትን ይለማመዳሉ። "ጠርታህ ነበር።" ለባዶ ወንበር ሲሉትማ እንዴት ይቀላል።

ሁለተኛዋ እሑድ፣ ከሕክምናው ቀን በፊት ያለችው የመጨረሻዋ፣ ምሳ እንደተበላ ልጁ ራሱ ወንበሩን አውጥቶ ተቀመጠ። "ዛሬ ስልኬን አጥፍቻለሁ" አላቸው። ደስ አላቸው። ሰፈሩ እንደ ወትሮው ጭር ብሏል፤ በመንገዱ ላይ አንዲት መኪና አታልፍም። የግራውን ጎን ጀመሩ። ወሬውን ከሩቅ ልጀምር ብለው፣ እናትየው ልጁን ስታረግዝ ምን አምሯት እንደነበር፣ ስሙን ለማውጣት እንዴት እንደተጣሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ነገሩ ተጠጉ።

"ታዲያ የዚያን ሳምንት፣ ፈተና ላይ ሆነህ..." ሲሉ የልጁ ራስ መዳፋቸው ላይ ከበደ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ራስ የያዘ እጅ የነቃ ራስና የተኛ ራስ ክብደቱ እንደሚለያይ ያውቃል። አላመኑም፤ ጎንበስ ብለው አዩት። አፉን ከፈት አድርጎ ጭልጥ ብሏል። ከዐይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ከአባቱ ይልቅ እሱን በሽተኛ አስመስሎታል። በቀን አራት ሰዓት የሚተኛ ልጅ ነው። ሊቀሰቅሱት እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ፤ አንጀታቸው እንቢ አለ። በአንድ እጅ ራሱን ደግፈው፣ በሌላው የግራውን ጎን ጨረሱለት። ክንዳቸው ዝሎ ከጆሮው በስተኋላ ያለችው ትንሽ ቀረች። ነገ ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስዷል፤ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሙሉ ሰዓት አለን ብለው ተጽናኑ። ነገ። ቃሏን ሲሰሟት ራሳቸው ደነገጡ።

ሰኞ ማለዳ ተሳፈሩ። ጋሽ ሬዲዮ ይቺን የማለዳ አውቶቡስ ገብተውባት አያውቁም፤ ለሐኪም ሲመላለሱ ረፋድ ላይ ባዶዋን ነበር የሚይዙት። ሰዉ እየገባ፣ ሰላም ሳይባባል፣ እያንዳንዱ ቦታውን እንደ አልጋው አውቆ ይቀመጣል፣ ራሱን መስኮት ላይ ያሳርፋል፣ ይተኛል። በሩ ሳይዘጋ ልጃቸውም ተኛ። ምን ያድርግ፣ ሰውነቱ የለመደው ነው፤ ወንበሩን ሲነካ ይጠፋል።

"ልጄ" አሉ።

አልሰማም። "ልጄ" አሉ ደግመው፣ ያቺን የቀረቻቸውን ድምፅ አጠራቅመው። ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞረች። ቁጣ የለባትም፣ ድካም ብቻ ነው። "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኛ የምንተኛት ይቺኑ ሰዓት ናት።"

"አጥፍቻለሁ እመቤቴ" አሉ ጋሽ ሬዲዮ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ያቋረጡት ያን ቀን ነው። የልጁ ራስ ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ፣ እሳቸውም እንዳይነቃ ብለው ሳይነቃነቁ ሁለት ሰዓት ሄዱ። የሚለቀስ ነገር ነበር፤ ግን በዚያች አውቶቡስ ውስጥ ልቅሶም ድምፅ አለው።

ሆስፒታል ገብተው ልብስ ከቀየሩ በኋላ ነርሷ የፈቃድ ወረቀት ይዛ ለልጁ አቀረበችለት። "ከዛሬ በኋላ እንደማይናገሩ ተነግሯችኋል አይደል?" አለች፣ የሚፈርምበትን ቦታ እያሳየችው።

ልጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ወረቀቱን አየ፣ አባቱን አየ። "አባዬ፣ ምንድነው የምትለው? ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርህ ነበር። ተኝተህ ነበር።"

ይቺን ባልተናገርኳት ብለው ወዲያው ተጸጸቱ። የልጁ ፊት ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ፣ ፊቱን ፊታቸው ላይ አቀረበ፣ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። "በል አሁን ንገረኝ። የምትለኝን ሁሉ ንገረኝ። አልተኛሁም፣ ይኸው።"

አልጋውን የሚገፉት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጁ ዐይን ለዐይን ያያቸዋል። መቀስ የለም፣ ማጅራት የለም። ጋሽ ሬዲዮ አፋቸውን ከፈቱ። ዐይናቸው ወደ ልጁ ጆሮ ሸሸ።

"ከጆሮህ በስተኋላ ትንሽ ቀርታለች" አሉት። "እሑድ አስተካክልልሃለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

እሑድ ግን ቶሎ አልመጣችም። ስድስት ሳምንት ፈጀ፤ ቁስሉ እስኪደርቅ፣ በአንገታቸው ቀዳዳ መተንፈስ እስኪለምዱ፣ መዋጥ እስኪችሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የተማሪ ደብተር የምታህል ነጭ ሰሌዳ ከነቀለሟ ሰጧቸው፤ በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት። "ውኃ"፣ "መስኮት ዝጉ"፣ "ደህና ነኝ" ይጽፉባታል፣ ያጠፏታል። ያንን ነገር ግን አልጻፉባትም። ልጁ እንደ ድሮው ማታ ገብቶ ግንባራቸውን ስሞ ይወድቃል፤ ለሚያንቀላፋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊቱ ላይ ይደቀናል? በረንዳው ላይ፣ ከኋላው ሆኜ፣ በትከሻው በኩል አሳየዋለሁ ብለው ጠበቁ።

ሦስተኛዋ እሑድ ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨርቁን ራሱ አሰረ። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ፀጉሩን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም፤ አድጎ የጆሮውን ጫፍ ነክቷል። ዛሬ አልተኛም። ባለፈው በመተኛቱ እንዳፈረ ያስታውቃል። "እንግዲህ ሬዲዮው ተበላሽቷል፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማወራው" አለ፣ ሊያስቃቸው። "አዎ ስትል ራሴን ወደ ታች ጫን አድርጋት፣ አይደለም ስትል ወደ ጎን። ሾርባው ይጣፍጥሃል?"

ወደ ጎን ገፉት። ሁለቱም ሳቁ፤ የጋሽ ሬዲዮ ሳቅ በአንገታቸው ቀዳዳ እንደ ፉጨት ወጣ።

ልጁ ብዙ አወራ። ስለ አለቃው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ሰፈሩ ውስጥ የጎረቤቱን ስም እንኳ እንደማያውቅ። ጋሽ ሬዲዮ የመቀሱን ሥራ ጨርሰው፣ ማጅራቱን ሊያነጹ ምላጩን አነሡ። ያኔ ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሰሞኑን ስለ እማዬ ነው የማስበው አባዬ። አንተ ቀዶ ሕክምና ስትገባ እኔ አጠገብህ ነበርኩ። እሷ ግን... ማንንም አልጠራችም ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው አይደል? አልጠራችኝም አይደል?"

እንዲህ እያለ አባቱን ሊያይ ራሱን ቀና አድርጎ ዞር አለ። ምላጩ ማጅራቱ ላይ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠራ እጅ አያስብም፤ ደንበኛ ከምላጭ ሥር ሲነቃነቅ ራሱን ወደ ታች ይጫናል። የጋሽ ሬዲዮ ግራ እጅ የልጁን ራስ ወደ ታች ተጫነ።

"እሺ" አለ ልጁ፣ እንዳጎነበሰ። ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። "ተመስገን። ጠርታኝ ቀርቼባት ቢሆን ኖሮ አልችለውም ነበር። ያን ጊዜም አሁንም አልችለውም።"

ጋሽ ሬዲዮ ምላጩን ከማጅራቱ ላይ አነሡ። ራሱን ወደ ጎን ሊገፉት እጃቸውን መለሱ፣ ደግሞ አነሡት። ይኼ በእጅ ግፊት የሚታረም ነገር አይደለም። ምላጩን አስቀመጡ፣ ሰሌዳዋን ሳቡ፣ ቀለሟን ነቀሉ። ፊደሉ እየተጣመመ ጻፉት። "ጠርታሃለች። ሁለት ጊዜ። ያስቀረሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።" በትከሻው በኩል አሳዩት። አልተንቀሳቀሰም። ዞረው ከፊቱ ቆሙ።

ተኝቷል። እንደ ወትሮው አይደለም፣ ፊቱ ተፈትቶ፣ ግንባሩ ተዘርግቶ፣ እንደ ሕፃን። እንዲህ ሲተኛ አሥራ አራት ዓመቱ ከሆነ ወዲህ አይተውት አያውቁም።

ሰሌዳዋን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ከፊቱ ቆሙ። እስኪነቃ እቆማለሁ አሉ በልባቸው። መንገዱ ላይ ማንም የለም፤ የፊት ለፊቱ ቤት መጋረጃ እንኳ አይወዛወዝም። የጻፉትን የሚያነብ ሰው በዚያ ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ምን ያህል እንደቆሙ እንጃ።

የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተና ምራታቸው፣ ባሏን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ቀንሳ፣ ጠየቀቻቸው። "አባባ፣ ሾርባዎን ላምጣልዎት? ትኩስ ይሁን ወይስ ትንሽ ይብረድልዎ?"

መልስ ትጠብቃለች። ያለቻቸው ሰሌዳ አንዲት ናት። ልጃቸውን አዩት፣ የጻፉትንም አዩት። ከዚያ በልጁ ፀጉር የተሞላውን ፎጣ ከትከሻቸው ላይ አንሥተው ሰሌዳዋን ጠረጉና፣ "ለብ ይበል" ብለው ጻፉላት።